ሞራጁ የበላው ምሳ

ቢላ እየሞረደ የሚያድር አንድ ሰው ነበረ።

ስንጥሩን ከአፍህ አውጣና ስማኝ። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ይህን ሁሉ ዘመን የኖርንበት መሐል ከተማ፣ ዓይናችን እያየ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እንዴት የሌላ ሰው ሆነ? የተሸጥነው በየትኛው ሰዓት ነው?» ነው ያልከኝ። ሰፈሩ ወኪል አድርጎ የመረጠህ አንተን ነውና መጠየቅህ ደግ ነው። እኔ መልስ የለኝም፤ ሰውዬ ግን አለኝ። ስለ እሱ ልንገርህ።

ይህ ሞራጅ የሚኖርበት ከተማ መሐሉ ገበያ ነበር። ጣሪያ የለው፣ አጥር የለው፣ ሜዳ ነው። ሜዳ ነው ተብሎ ግን ማንም ተነሥቶ አይቀመጥበትም። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ድንጋይ ነበረው፤ ድንጋዩ ያለበት ቦታ የእሱ ነው። ማታ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ያድራል፣ ጠዋት እዚያው ያገኘዋል። ታሞ ክረምቱን ሙሉ ቢተኛ እንኳ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ አይገኝም። ሲሞት ለልጁ ይተርፋል። ወረቀት የሚባል ነገር በመሐላቸው አልነበረም፤ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ የጠየቀም ሰው አልነበረም።

ድንጋዮቹ ቆይተው ቆይተው ባለቤቶቻቸውን መስለዋል። በርበሬ የምትሸጠው እትዬ አመለወርቅ ድንጋይዋን ያገኘችው ከእናቷ ነው፤ ከእናቷ ጊዜ ጀምሮ በርበሬ ሲደፋበት ስለኖረ እስከ ውስጡ ቀልቷል። የዘይት ሻጩ ድንጋይ እጅ ያንሸራትታል። የጨው ሻጩ ነጥቷል። የሞራጁ ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ አባቱም እሱም ቢላ ሲስሉበት ኖረው መሐሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ሰው ቢላውን ይዞ ሲመጣ «ባለ ጎድጓዳው ድንጋይ የት አለ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ጥቂት ጎረቤቶቹ ነበሩ። ያለ ድንጋዩ ቢያገኙት አብዛኞቹ ደንበኞቹ ሰላም ሳይሉት ያልፋሉ።

በገበያው ጠብ ሲነሣ የሚዳኙት ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው ድንጋዩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገፋ የጎረቤቱን ቦታ ሲቆርስ ተያዘ። ጋሽ ይርዳው በሰው ፊት ድንጋዩን አሸክመው አስመለሱት፤ ወንድማቸው እያለቀሰ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ተናገሩ ማለት አለቀ ማለት ነው። «ጋሽ ይርዳው ይሙቱ» ብሎ የማለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም ነበር።

በዚያው ከተማ አንድ ሀብታምም ነበር። ወፍጮው የእሱ፣ መጋዘኑ የእሱ፣ የጭነት መኪናዎቹ የእሱ። መሐል ከተማው ላይ ግን መቀመጫ ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። በዚያ ባለፈ ቁጥር መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ የተራበ ሰው ሥጋ ቤት እንደሚያየው ሜዳውን ያየዋል። እትዬ አመለወርቅ «ይሄ ሰውዬ በዓይኑ ሊያርሰን ነው» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን የከተማው ሹም ሕዝቡን ሰበሰበ። ገበያው ሊታደስ ነው አለ። ጣሪያ ይኖረዋል፤ ወለሉ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ከዝናብና ከፀሐይ ትገላገላላችሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ሰዉ ተጉረመረመ። ሜዳው ከተቆፈረ ቦታችን በምን ይታወቃል? ያኔ ጋሽ ይርዳው ተነሡ። ድንጋዮቹን እኔ ግቢ አምጡና በየተራቸው እንደርድራቸው፣ ሲያልቅ በዚያው ተራ መልሰን እናስቀምጣቸዋለን አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት አንድ ቃል ነው። «በእኔ ይሁንባችሁ።»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

እትዬ አመለወርቅ እጇን አውጥታ ነበር። ልትጠይቅ የፈለገችው ቀላል ነገር ነው፤ ለመሆኑ የሚሠራው ማን ነው? ከጎኗ የተቀመጠው ዘይት ሻጭ ቀሚሷን ጎተታት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ጋሽ ይርዳው ራሳቸው በእኔ ይሁን እያሉ፣ ሌባ ናቸው ልትይ ነው?»

አፈረች። እጇን አወረደች፣ ያወጣችው ለመጠየቅ ሳይሆን ነጠላዋን ለማስተካከል እንዲመስል ነጠላዋን አስተካከለች። በዚያ ከተማ አደራ ያኖሩትን ነገር መልሶ መጠየቅ አደራ ተቀባዩን መስደብ ነበር። ሲኗኗሩ የኖሩት እንዲህ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ምንም አላጎደለባቸውም።

ድንጋዩን በጋሪ የጫነ ጫነ፣ በትከሻው የተሸከመ ተሸከመ። ሞራጁ የራሱን ድንጋይ ጋሪ ላይ ሊጥለው አልፈለገም፤ አቅፎት ሄደ። ጋሽ ይርዳው በራቸው ላይ ቆመው ነበር የሚቀበሉት። «የአባትህ ድንጋይ አይደል? እዚህ በሩ አጠገብ አድርገው፤ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ» አሉት። ሞራጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ እጁ ባዶ ቢሆንም ልቡ አልከበደውም ነበር።

ነጋዴዎቹ ወንዝ ማዶ ሄደው ተቀመጡ። ለጊዜው ነው ተባሉ። ወንዝ ማዶ አቧራ ነው። እዚያ ድረስ በርበሬ ለመሸመት የሚሻገር ሰው ጥቂት ነው፤ ቢላ ይዞ የሚሻገር ግን ከነጭራሹ የለም። የሞራጁ ደንበኞች የመሐል ከተማ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ እነሱም ሌላ ሞራጅ አገኙ። ሚስቱ ምሳና እራትን አንድ ላይ ማቅረብ ጀመረች፤ ልጆቹ ሲጠይቋት «ዘግየት ብሎ መብላት ሆድ ያጠነክራል» ትላቸዋለች። ሞራጁ ይህን እየሰማ ቀና አይልም። ወደ ቦታው ካልተመለሰ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስበው ያን ጎድጓዳ ድንጋይ ነው።

ገበያው ደግሞ በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ከቆርቆሮው በላይ ግንብ ብቅ አለ። ጣሪያ ይሠራል የተባለው ፎቅ ሆነ፤ ፎቁ ላይ ፎቅ ተጨመረ። «ጣሪያው ትንሽ ራቀ እንጂ እየሠሩልን ነው» አለ ጨው ሻጩ፣ ሰዉም ሳቀ። ሌላ ፎቅ ሲጨመር ግን የሳቀ የለም።

ከዚያ ወሬ መጣ። የሀብታሙ መኪና ጋሽ ይርዳው በር ላይ ቆማ ታየች ተባለ። ሹሙም እዚያ ገባ ወጣ ይላል ተባለ። ማን አየ ሲባል፣ ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ሲጠየቅ የሰማው ከሌላ ነው። ሁሉም ሄዶ መጠየቅ አማረው፤ የሚሄድ ግን ጠፋ። በምን ፊት? ጋሽ ይርዳውን ያህል ሰው ደጃፍ ቆሞ «ድንጋዬ አለ ወይ?» ይባላል?

በመጨረሻ መላውን ያመጣው ዘይት ሻጩ ነው። ሞራጁ ይሂድ አለ። ሞራጅ የማንንም በር ቢያንኳኳ የሚገርመው የለም፤ የሚሳል ቢላ አለ ወይ ብሎ ይገባል፣ በዚያው አንዲት ጥያቄ ጣል ያደርጋል፣ ይወጣል። ድንጋዮቻችን ደህና ናቸው? መቼ ነው የምንመለሰው? ከዚህ ሌላ ምንም አይበል። ሁሉም ተስማማ። ሞራጁም እሺ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ማወቅ የሚፈልገው እሱ ነበርና።

መንገዱን ሙሉ ጥያቄውን ሲያለሰልሰው ሄደ። «አይቆጡኝና» ብሎ ጀመረው፤ አልጣመውም። «እኔ እንኳ ምንም አላልኩም፣ ሰዎቹ ናቸው» አለ፤ ይሄ ደግሞ ሰዎቹን አሳልፎ መስጠት ሆነበት። መጨረሻ ላይ እንዳለ ልናገረው ብሎ ቆረጠና በሩን ገፋ።

ግቢው ባዶ ነበር።

አንድም ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዮቹ የተደረደሩበት ሣር ግን ነበረ፤ ፀሐይ ሳያይ የከረመ ሣር ቢጫ ሆኖ፣ እዚህ ክብ፣ እዚያ ሞላላ፣ በየተራው ተኝቷል። ሞራጁ ሳያስበው የራሱን ፈለገ። በሩ አጠገብ ረዘም ያለ ቢጫ ምልክት አየ። ከገበያ ተመልሶ የልጁን አልጋ ባዶ እንዳገኘ አባት፣ ምልክቱን ቁልቁል እያየ ቆሞ ቀረ።

የጋሽ ይርዳው ባለቤት ብቅ ብለው አዩት። ምሳ ላይ ናቸው፣ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም፣ ግባ አሉት። ወደ ሳሎኑ ገባ፤ ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም። ሳቅ የሚሰማው ከጓዳ ነው። ሞራጁ ቢላ ይዞ ያልገባበት ቤት የለም፤ ሳሎን ባዶውን ተቀምጦ እንግዳ ጓዳ ሲበላ ግን አይቶ አያውቅም።

መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ሀብታሙ፣ ሹሙና ጋሽ ይርዳው አንድ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል። ሳቁ ቆመ። ሞራጁ ግቢው ውስጥ ያየው ነገር ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጋሽ ይርዳው ፊቱን አዩት፣ ከዚያ ወደ ግቢው አዩ፣ ከዚያ ወደ ትሪው ጎንበስ አሉ።

ሞራጁ አፉን ከፈተ። «ጋሽ ይርዳው፣ ድንጋ—»

ጋሽ ይርዳው ጉርሻ ጠቅልለው ተነሥተው ነበር። ዶሮው ከነእንቁላሉ የገባበት፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ነው። «በሞቴ» አሉት። «አፈር ስሆን።»

እስቲ እዚህ ላይ አንተን አስገባህ። አባትህን የሚያህሉ ሰው ለአንተ ቆመው፣ በሞቴ ብለው፣ እጃቸው ከንፈርህ ድረስ መጥቶ፣ ፊትህን ታዞራለህ? ማንም አያዞርም፤ ከእናታችን የተማርነው አይደለም። ለጥያቄ የተከፈተው አፍ እንደተከፈተ ጉርሻው ገባበት።

ሳይውጠው ሹሙ ቀጠለ። ከሹሙ በኋላ ሀብታሙ፣ ቀለበቱ የሞራጁን ጥርስ እስኪነካው ድረስ። ሞራጁ ያኝካል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ወጡ አቃጥሎት ይሁን ሌላ ነገር አያውቅም። ዶሮ ከቀመሰ ቆይቷል። እውነቱን ልንገርህ፣ ጣፈጠው። በኋላ ለራሱ ይቅር ማለት ያቃተው ይህንን ነው፣ መጣፈጡን።

ውሃ ቀረበለት። ጋሽ ይርዳው በለሰለሰ ድምፅ «ምን እግር ጣለህ ልጄ?» አሉት።

ሞራጁ ጥያቄውን ፈለገው። ጉሮሮው ላይ የለም። ከጉርሻው ጋር አብሮ ወርዷል።

«የሚሳል ቢላ ካለ ብዬ ነው» አለ።

ሦስቱም ሳቁ። አለ እንጂ፣ በጊዜ መጣህ ተባለ፤ ለሕንጻው ምርቃት በሬ የሚጣልበት ትልቁ ቢላ አልቆርጥ ብሏል። ሞራጁ ግቢው ውስጥ፣ ቢጫው ሣር ላይ ተቀመጠ፣ ከቦርሳው ሞረድ አውጥቶ ቢላውን ሳለ። አሳምሮ ሳለው። እጁ ሌላ አያውቅም።

ወንዝ ማዶ ሲደርስ ሁሉም ሥራውን ትቶ ይጠብቀው ነበር። እትዬ አመለወርቅ መጀመሪያ ያየችው ጺሙ ላይ የቀረውን ወጥ ነው።

«አብልተውሃል» አለችው።

«እግዜር ይስጣቸው» አለ።

«ድንጋዮቹስ?»

የበላው ምሳ ገና ሆዱ ውስጥ ይሞቅ ነበር። እንጀራቸውን በልቶ ሳይፈጭ ስማቸውን ሊያነሣ? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ዝናብ እንዳይመታቸው መጋዘን አስገብተዋቸው ይሆናል። ድንጋይን ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል ብሎ ራሱን አልጠየቀም።

«ደህና ናቸው» አለ።

ሰዉ እፎይ አለ። ጨው ሻጩ «እኔስ ብዬ ነበር» አለ። ወሬውን አመጣ የተባለውን ምስኪን ከበው እስኪያለቅስ ሰደቡት፤ እንዴት በጋሽ ይርዳው ስም ትቀልዳለህ ብለው ይቅርታ አስጠየቁት። ሰውዬው ያወራው እውነት ነበር። ሞራጁ ይህንንም ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ጺሙን በእጅጌው እየጠረገ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ሆነ። ሰዎች የድንጋዩን ወሬ ሲያነሱ ሥራ ያለበት ይመስል ይነሣል። ሚስቱ ምን ሆንክ ስትለው ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል ይላታል። ደጋግሞ ለእትዬ አመለወርቅ ሊነግራት ተነሥቶ፣ አሁን ብነግራት ያኔ ለምን ዋሸህ ትለኛለች ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ዝምታው ከበደ፤ በከበደ ቁጥር ለማንሣት አቃተው።

ሕንጻው አለቀ። ለምርቃቱ ቀን ሁሉም ተጠራ። ነጋዴዎቹ ልብሳቸውን አጥበው፣ ቤተሰባቸውን አስከትለው መጡ። ዘይት ሻጩ ዕቃ የሚዘረጋበትን ላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል፤ ወደ ቦታው ሊመለስ ነዋ። ቆርቆሮው ተነሥቷል። ሕንጻው ከላይ መስተዋት ነው፤ ከታች እስከ ወገብ ድረስ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ግንቡ ነጭ ኖራ ተቀብቷል። አምሮ ነበር፣ አልዋሽህም። ሰዉ አንገቱን ቀና አድርጎ ተደነቀ። አንዳንዱ እንዲያውም እልል አለ።

ከዚያ ቦታቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሱቆቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ጠየቁት፣ ነገራቸው። ይሄኛው ሱቅ የሹሙ እህት ነው። እነዚያ የሀብታሙ አማች ናቸው። ያ ትልቁ፣ ጥጉ ላይ ሆኖ ሁለቱንም መንገድ የሚያየው፣ የጋሽ ይርዳው ልጅ ነው። ዘበኛው አንድም ነገር አልደበቀም፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑን የነገረው የለም።

«ተሳስተህ ነው» አለው ዘይት ሻጩ። «የእኛስ?»

ዘበኛው ወደ ድንኳኑ ጠቆመ። «ለእናንተ ምሳ አለ» አላቸው።

ወደ ድንኳኑ የሄደ የለም። የተቆለፈ በር የሚገፋ አለ፤ በመስተዋቱ አሻግሮ የሚያይ አለ፤ ሌሎቹ ግንቡ ሥር ቆመው ቀሩ። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከሰዎቹ አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደም» አለች።

ነጩ ግንብ ላይ፣ ከአንድ ድንጋይ ወገብ ቀይ ነገር ወጥቶ፣ ኖራውን አጥቦ፣ ቀጭን መስመር እየሠራ መሬት ደርሷል። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወደ ፊት የሄደችው እትዬ አመለወርቅ ብቻ ናት። ጣቷን አስነካችው። አሸተተችው። ምላሷ ላይ አደረገችው። ከዚያ አፉ እንደተፈታ ከረጢት በቁሟ ቁልቁል ፈሰሰችና ተቀመጠች።

«በርበሬ ነው» አለች። «የእናቴ ድንጋይ ነው።»

ሁሉም በመዳፉ፣ በነጠላው ጫፍ፣ በተገኘው ጨርቅ ኖራውን መጥረግ ጀመረ። ዘይት ሻጩ እጁ ሲንሸራተት ቆመ፤ ላስቲኩ ከብብቱ ወደቀ። ጨው ሻጩ ግንቡን ላሰው። ሰው እያየው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ግንብ ላሰ፤ ከዚያ ፊቱን ግንቡ ላይ ደፍቶ ቀረ። ሞራጁ መፈለግ አላስፈለገውም። የእሱ ድንጋይ ዋናው በር ሥር ነበር። ደረጃ አድርገውታል። የገባ የወጣው ሁሉ ይረግጠዋል፤ ጎድጓዳው የሌሊቱን ዝናብ አቁሮ፣ ሰማዩ በውስጡ እየታየ ይጠብቀው ነበር።

ለግንበኛው ድንጋይ ድንጋይ ነው። ላሠራው ሰው ግን ቦታው የማን እንደሆነ የሚመሰክረው እሱ ብቻ ነበር። ምስክርን ፎቅ ከጫኑበት በኋላ ማን ያነሣዋል?

እትዬ አመለወርቅ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ ሞራጁን አየችው።

«ያን ቀን ስትሄድ ድንጋዮቹ ነበሩ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን ጋሽ ይርዳው ደረሱ። ሰዉ ምን እንዳገኘ ከሩቅ ገብቷቸዋል። ከድንኳኑ ጀምረው ጉርሻ ይዘው ነበር የመጡት፤ ያ የተሳለው ቢላ የቆረጠው ጥሬ ሥጋ፣ በአዋዜ ተለውሶ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ። ሌላ ሰው አላዩም። ቀጥታ ወደ ሞራጁ መጡ።

«በሞቴ ልጄ» አሉት።

ሞራጁ አፉን ዘጋ።

ያደረገው ይህን ያህል ነው። አልተሳደበም፣ እጃቸውን አልገፋም። ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ። የጋሽ ይርዳው እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚያ ከተማ የተዘረጋ ጉርሻ ሲመለስ ያየ ሰው አልነበረም፤ ዘይት ሻጩ እንኳ ያንን ሁሉ አይቶ፣ ይሄን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። አዋዜው በጋሽ ይርዳው ጣቶች መሐል መውረድ ጀመረ፤ በነጩ እጅጌያቸው ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ሠራ፣ ልክ እንደ ግንቡ።

«በሞቴ እያልኩህ ነው» አሉት። አሁን ፈገግታው የለም።

ሞራጁ ጭንቅላቱን ወደ እትዬ አመለወርቅ አዞረ።

«አልነበሩም» አለ። «ግቢው ባዶ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ በላሁ፣ በልቼ ዋሸኋችሁ።»

እሷ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች፣ ቀዩን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ይርዳው» አለች፤ ጋሽ የለ፣ አንቱ የለ። ከድንጋዮቹ ይልቅ ይሄ ያስደነገጠው ሰው ነበር። «ማን ነው ያወጣቸው? ንገረን።»

ጋሽ ይርዳው ሹሙን ፈለጉ፤ ሹሙ ወደ ድንኳኑ ገብቷል። ሀብታሙን አዩ፤ ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ፊታቸው ያለው መልስ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ያ ወንድማቸውን በሰው ፊት ያስለቀሱት ዳኛ፣ ስማቸው መሐላ የነበረው ሰው፣ ክንዳቸውን አጠፉና ጉርሻውን የራሳቸው አፍ ውስጥ ከተቱት።

ከተማው እያየ አኘኩ። ቀስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ አኘኩ፤ ሲውጡት መናገር ሊኖርባቸው ነውና።

ዘይት ሻጩ ላስቲኩን ከመሬት አንሥቶ አራገፈው፣ የሚያንሸራትተው ድንጋይ ፊት ዘረጋው፣ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ እትዬ አመለወርቅ ከቀይዋ ድንጋይ ሥር ተቀመጠች። ሁሉም እንዲሁ። ሞራጁ የሚቀመጥበትን አላወቀም፤ አጠገቤ ና የሚለውም አልነበረም። በሩ ሥር ካለው ደረጃ ጎን ሄዶ ቁጢጥ አለና እጁን ጎድጓዳው ውሃ ውስጥ አደረገ። ዘበኛው ተነሡ አላቸው።

«ከየት? ከድንጋዬ ላይ?» አለው ጨው ሻጩ።

ሱቅ አገኙ ብዬ አልዋሽህም። ያን ዕለት ማታ ተባረሩ፣ በነጋታው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሲባረሩና ሲመለሱ ዛሬም አሉ ይባላል። አንድ ነገር ግን ተለወጠ። በዚያ ከተማ ሳሎን እያለው እንግዳውን ጓዳ የሚያበላ ሰው ከእንግዲህ ለዳኝነት አይመረጥም፤ ተልኮ የሄደ ሰውም ሲመለስ፣ ከሁሉም በፊት አፉን ያዩታል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። የተሸጥነው በየትኛው ሰዓት ነው ብለኸኛል። ሰው ማህተሙ ሲመታ ይመስለዋል፤ ወይም ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያጨበጭብ፣ ወይም ቆርቆሮው ሲታጠር። እኔ አይመስለኝም። ያ ሁሉ ገና ሊጠየቅ ይችል ነበር። ያለቀልን፣ ጠይቅልን ብለን የላክነው ሰው ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ሌላ ነገር የገባበት ጊዜ ነው። የእኛም መሐል ከተማ እንደዚያ ሜዳ ነው፤ ወረቀታችን መተማመናችን ነበር፣ እሱንም ሰብስበን ትልልቅ ሰዎች ግቢ አኖርነው፣ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አሳፈረን። እኛም እንደነሱ ሞራጅ መርጠናል።

የመረጥነው አንተን ነው።

ዛሬ ጠዋት ሹሞቹ ዘንድ ሄደህ አንዲት ነገር ጠይቀህ እንድትመጣ ነበር፤ ቦታው በማን ስም ነው? ተመልሰህ መጥተሃል። እናቶቻችን ከውጭ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁህ ነው። አንተ ግን መልሱን ይዘህ ወደ እነሱ በመሄድ ፋንታ፣ ወደ እኔ መጥተህ ጥያቄ ትጠይቀኛለህ፤ ያን ስንጥርም መልሰህ ጥርስህ መሐል ከተትከው።

አልፈርድብህም፤ ለሞራጁም ጣፍጦት ነበር። ግን እነሱ ጺምህን ከማየታቸው በፊት፣ እስቲ እኔ ልጠይቅህ።

ምሳ የት በላህ?